የተጣራ ጨረር

ጌታው ሲተኙ ሰዎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በሦስተኛው ጣቢያ ከተደነገጉት አራት መቶ ደንቦች ውስጥ አንድም ቀን ተጥሶ የማያውቀው ይኸኛው ነው። በቀን ሰባት ጊዜ፣ ሲብስም ስምንት ጊዜ ይፈጸማል።

ጌታው ሰው አይደሉም። ከሩቅ ኮከቦች የሚመጣውን የጋማ ጨረር የሚለቅሙ፣ ሆዳቸው በክሪስታል የተሞላ፣ አንድ ፎቅ ቤት የሚያህሉ መሣሪያ ናቸው። በደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ስማቸው አሥራ አንድ ቃል ስለሚፈጅና እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ስላልተገኘ፣ ሠራተኞቹ «ጌታው» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር። ሹፈቱ በሁለተኛው ዓመት ተረሳ፤ አንቱታው ግን አፍ ላይ ቀረ።

ጣቢያው በየዘጠና ደቂቃው ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል። ከብራዚል ጠረፍ ወዲህ፣ ውቅያኖሱ ላይ፣ ምድር ራሷን ከጨረር የምትከልልበት መጋረጃ የሳሳበት ቦታ አለ። ሠራተኞቹ «ጉድጓዱ» ይሉታል። እዚያ ላይ ጨረሩ እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። ጌታው በዚያ ሰዓት ነቅተው ከተገኙ ክሪስታላቸው ይጎዳል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ሊደረስ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ኤሌክትሪካቸው ይቋረጥና ለሩብ ሰዓት ያህል ይተኛሉ።

ሰዎቹ የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው የሚወጡት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እብደት ይመስላል እንጂ ምክንያት አለው። የሰው ገላ ውስጥ ፖታስየም አለ፤ ፖታስየም ደግሞ ትንሽ ትንሽ ጋማ ይተፋል። ጌታው ነቅተው ሳለ ሰው አጠገባቸው ካለፈ፣ ኮከብ ነው ብለው ይመዘግቡታል። ጣቢያው ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ቧንቧ ጠጋኝ ለሦስት ቀን አዲስ ኮከብ ሆኖ ሰንብቶ፣ ስም ሊወጣለት ጥቂት ሲቀረው ነው ማንነቱ የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ጌታው ነቅተው ሳለ ወደ እሳቸው መጠጋት ክልክል ሆነ። ሙዝ፣ ድንችና ምስርም ፖታስየም ይበዛባቸዋል ተብለው በቃለ ጉባኤ ታገዱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጿሚዎቹ ሩዝ በሩዝ ይበላሉ።

እንግዲህ የጌታው ልብስ፣ ማለትም ብርማው ሽፋናቸው፣ ሲቀደድ መስፋት የሚቻለው ተኝተው ሳለ ብቻ ነው፤ የሚተኙት ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣው ኮሚቴ ይህን አላስተዋለም ማለት ስም ማጥፋት ነው። አስተውሏል፤ በደንብ ተወያይቶበታል። መሣሪያው ምትክ የለውም፤ ሰው ግን በየዓመቱ ይመረቃል።

የሻረግ ዳምጠው የጌታውን ልብስ የምትሰፋው ሴት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠራ በእጇ ፍጥነት ተመርጣ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ፈርማ ወጣች። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ትርሲትን ለእህቷ አደራ ብላ ነበር የወጣችው። አሁን አሥራ አንደኛ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ቀላል ነው፦ ከአሸዋ ያነሱ ጠጠሮች እየበሱ የሚያልፉትን ብርማ ሽፋን፣ በቆልማማ መርፌ፣ በወፍራም ጓንት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ መጥቀም። ድሮ በአንድ ጉድጓድ ስድሳ ስፌት ታወጣ ነበር። አሁን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያሾልክላት ሰው ትፈልጋለች።

ግራ ዓይኗ ወተት የፈሰሰበት መስታወት መስሏል። ቀኙም ተከትሎ መጥቷል። የጣቢያው የሕክምና ማሽን፣ በሴት ድምፅ፣ በጣም ደስ በሚል ቃና እንዲህ ብሏታል፦ «በጨረር የመጣ የዓይን ሞራ ነው። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ የሚሠራው ግን መሬት ላይ ነው። ክረምቱ ካለፈ በዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ጊዜው ግንቦት 2071 ነበር።

ከውል በፊት ወደ መሬት ለመውረድ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ እሱም የተጣራ ጨረር ከወሰኑ በላይ ሲሆን ነው። የሻረግ ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። ደረቷ ላይ የተሰካው መለኪያ ከሞላ ቆይቷል፤ በየጠዋቱ ይጮሃል። እሷም ማመልከቻዋን ጽፋ፣ መሬት ካለው ሰው ሀብት ክፍል ጋር በስክሪን ተገናኘች። ባለሙያዋ ወይዘሪት ማክቤል ትባላለች፤ ወጣት፣ ትሁትና ፈገግታ የማይጠፋት ልጅ ናት።

«ወይዘሮ የሻረግ፣ ፋይልዎን ከፍቼዋለሁ» አለች ማክቤል። «የተጣራ ጨረርዎ ዜሮ ነው።»

«እንዴት ነው ዜሮ የሚሆነው ልጄ? መለኪያው ሞልቶ እየጮኸ ነው እኮ!»

«እሱ ጥቅሉ ነው። ከጥቅሉ ላይ የአካባቢው ጨረር ይቀነሳል። የአካባቢው ማለት እዚያ ጣቢያ ላይ ማንም ሰው ቢሆን የሚያገኘው ማለት ነው። እሱን እርስዎ አላመጡትም።»

«አላመጣሁትም፤ የመታኝ ግን እኔን ነው።»

«ልክ ብለዋል። ግን ሌሎቹንም መትቷል። ስለዚህ አካባቢ ይባላል።»

«እሺ፣ ምን ባደርግ ነው ለእኔ የሚያዘው?»

«ከባልደረቦችዎ በልጠው ከተጎዱ ልዩነቱ ወዲያው ይያዝልዎታል።»

«ሁላችንም ተራ በተራ ነው የምንወጣው እኮ።»

«እንግዲያው እኩል ነዎት» አለች ማክቤል፣ እንኳን ደስ ያለዎት በሚል ድምፅ።

የማክቤል ክፍል ይህን ስሌት ከራሱ አልፈጠረውም። የወሰደው ከሳይንቲስቶቹ ነው። ጌታው በቀን ከሚቆጥሩት ጨረር አብዛኛው የኮከብ አይደለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለፈው የገዛ አካላቸው ሲነቃ ግሎ የሚተፋው ነው። ሳይንቲስቶቹ ያንን ቀንሰው የተረፈውን ኮከብ ይሉታል። ሰው ሀብት ክፍል ይህን በአንድ ሥልጠና ላይ ሰማና በጣም ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቢያው ላይ በጨረር የተጎዳ ሠራተኛ የለም፤ በየዓመቱም ለዚህ ዋንጫ ይሸለማል።

ጌታውን የጎዳቸው ጨረር ግን ከምንም ላይ አይቀነስም። በየስድስት ወሩ፣ ክሪስታላቸው ሲደነዝዝ፣ ለሃያ አንድ ቀን ከሥራ ይነሱና ቀስ እየተባለ ይሞቃሉ፤ ልብሳቸው ስለሚግል ያን ጊዜ አይሰፋም። ሙቀቱ የቆሰለውን ያድሳል፤ ሲወጡ እንደ አዲስ ያያሉ። ሠራተኞቹ «ጌታው ፍል ውሃ ገቡ» ይላሉ። በዚያ ሰሞን ሕመምተኛ እንዳለበት ቤት ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል። አንድ ቀን የሻረግ ዕረፍት ጠይቃ ተከልክላ ስትመለስ፣ የማሞቂያውን ግድግዳ በመዳፏ ዳስሳ፣ «ታድለው!» ብላቸዋለች። ከልቧ ነበር፤ በጣም ቀንታባቸዋለች።

ሰኔ ገባ። ሰኔ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ወር ነው፤ በ2071ም ቢሆን፣ ከምድር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይም ቢሆን፣ ሰኔ ሰኔ ነው። የንብረት ቆጠራ ተጀመረ። ቆጣሪው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ኦብሳ ነው፤ የአሰላ ሰው፣ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀልደኛ። ክር በመርፌ የሚያሾልክላትም እሱ ነው። በየቀኑ አሥር መርፌ ክር አግብቶ ሰሌዳ ላይ ይሰካላታል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«እትዬ» አላት፣ በአራተኛው መርፌ ክር እያሾለከ፣ «ባለፈው ወር አንዷ ክሪስታል ስትሰነጠቅ አስታወስሽ?»

«አዎ፣ አቶ ልሳኑ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።» አቶ ልሳኑ የጣቢያው አለቃ ነው።

«ለንብረት ክፍል ጻፍኩ። በስንተኛው ቀን መንኮራኩር የላኩ ይመስልሻል? በአራተኛው! ተጠቅልላ፣ ታቅፋ ወረደች።»

«የእኔ ማመልከቻ አንድ ወር ሊሞላው ነው።»

«ያንቺ የሚሄደው ሰው ሀብት ነዋ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። መርፌውን አስቀመጠና አያት። «እትዬ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ብልጭታ ታያለሽ አይደል?»

«ማን የማያይ አለ? ጨረሩ ዓይናችን ውስጥ ሲያልፍ፣ ልክ እንደ ጌታው ክሪስታል፣ ብልጭ ይላል። እንደ ቀኑ ነው፤ አርባም ሃምሳም እቆጥራለሁ።»

ኦብሳ የቆጠራ ቅጹን አወጣ። እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፦ «የዕቃው ዓይነት፣ ብልጭታ ለቃሚ። ብዛት፣ ጥንድ። አገልግሎት የሰጠበት ዘመን፣ አሥራ አንድ ዓመት። የዕቃው ሁኔታ፣ በጨረር ብዛት የደበዘዘ። አስተያየት፣ ክረምቱ ሳይወጣ መሬት ወርዶ ይጠገን።» ቀና አለ። «ውሸት አለበት?»

የሻረግ ሳቀች። ብዙ ሳቀች፤ ወሩን ሙሉ ያልሳቀችውን ሳቀች። ከዚያ ኦብሳ በመለያ ቁጥሩ ቦታ ላይ የሠራተኛ ቁጥሯን ሲሞላ አየችና ሳቋ ጠፋ።

«ተው አንተ። የምርህን ነው እንዴ?»

«የምሬን ነው።»

«ኦብሳ፣ እናቴ የወለደችው ሰው ነው። ድሃ ብሆንም፣ ሰማይ ላይ ጨርቅ ብጥቅምም ሰው ነኝ። በገዛ ፊርማዬ ዕቃ ልሁን?»

«እንግዲያው ሰው እንደሆንሽ ትታወሪያለሽ!»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። መርፌውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ይቅርታ እትዬ። እንዲህ ማለቴ አልነበረም።»

እሷ ግን ልክ እንደሆነ አውቃለች። መታወሩን ፈርታዋለች፤ ከሞት ይልቅ ፈርታዋለች። የትርሲትን ፊት ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ በስክሪን እንጂ በዓይኗ አላየችውም፤ አሁን ስክሪኑ ላይም ልጅቷ አገጭና ድምፅ ብቻ ሆናለች። የሻረግ ብዕሩን ተቀበለችው። መስመሩ ስላልታያት ኦብሳ ጣቷን ይዞ ቦታው ላይ አስቀመጠላት፤ ፈረመች።

በሰኔ ለንብረት ክፍል የሚላክ ወረቀት ማንም አያዘገየውም፤ ዓመቱ መዘጋት አለበት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አቶ ልሳኑ በስብሰባ ላይ አነበበው፦ የተጎዳው ብልጭታ ለቃሚ መንኮራኩር እስኪደርስ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ለጨረር እንዳይጋለጥ፣ ከንዝረትና ከብርድ እንዲጠበቅ፣ ሁኔታውም በቀን ሁለት ጊዜ ሪፖርት እንዲደረግ። መለያ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሻረግን አያት። ኦብሳን አየው። አቶ ልሳኑ ከላይ የመጣን ትእዛዝ ለምን ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሹመት ያላጣውም በዚሁ ነው።

«ወይዘሮ የሻረግ ከዛሬ ጀምሮ አይወጡም» አለ። «ግምጃ ቤት ይቀመጡ።»

እነሆ የሻረግ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓዱን በግምጃ ቤት ውስጥ ሆና አለፈችው። ከመለዋወጫ ክሪስታሎች ጋር ጎን ለጎን ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ብልጭታ ጠበቀች። ሦስት ብቻ አየች። ግራ ገብቷት የግድግዳውን ውፍረት በሩ ጋ በስንዝር ለካችው፤ የግምጃ ቤቱ ግድግዳ ከመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ግድግዳ አሥር እርምጃ ርቃ ተኝታለች። ተናደደች፤ እዚያው ክሪስታሎቹ መሃል ሆና ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ማታ በተላከው ሪፖርት ላይ «መጠነኛ እርጥበት ታይቶበታል» ተብሎ ተጻፈ። ከመሬት ወዲያው ማድረቂያ እንዲደረግለት መልስ መጣ፤ አቶ ልሳኑም ንጹሕ መሐረብ ይዞላት ገባ።

መንኮራኩሩ በአራተኛው ቀን ደረሰ። የሠራተኛ ማውረጃው ጥርስ በማራገፍ የታወቀ ነው፤ የዕቃ ማውረጃው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያርፈው። ኦብሳ በሚለጠጥ ስፖንጅ አንገቷ ድረስ አሸጋትና ከላይ «ተሰባሪ ነው» የሚል ለጠፈባት። ሊቀልድ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም።

«እትዬ፣ መውረድሽን ለትርሲት ነግሬያታለሁ። ሲሻልሽ ደውዪልኝ እሺ?»

«አንተም ብልጭታህን ቁጠር» አለችው። «ዓመቱ ሲደርስ ትጽፈዋለህ።»

በምሥራቁ በረሃ፣ የአይሻ ማረፊያ ሜዳ ላይ አረፈች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ክብደት ተመልሶባት መቆም ስላቃታት፣ በዕቃ ጋሪ ላይ አስቀምጠው ገፏት። ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ደስ አላት፤ አቧራው እንኳ ደስ አላት። ከጋሪው አጠገብ ዝርዝር የያዘ ተረካቢ ቆሟል፤ ሮብሌ እባላለሁ አላት፤ ረጅምና ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ዝርዝሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ዝርዝሩን ደግሞ አየ።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ጥንድ ብልጭታ ለቃሚ ነው።»

«እነዚህ ናቸው» አለችና ወደ ዓይኖቿ ጠቆመች።

ሮብሌ ባትሪ አብርቶ ተመለከታቸው። ከንፈሩን መጠጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ፤ ረጅም ጊዜ ሰማ፤ ጥቂት ተናገረ። የሻረግ እስከዚያ ወደ አጥሩ ስታይ ነበር። ከሽቦው ወዲያ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃታል። ከመሃላቸው አንድ ቢጫ ነገር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቀሚስ ይሁን ጃንጥላ አልለየችውም። ድምፁን ግን ለየችው።

«እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

የሻረግ እጇን አነሳች። እጇ ከበዳት፤ ቢሆንም አወዛወዘችው። አጥሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ሮብሌ ተመልሶ መጣና አጠገቧ ተንበርክኮ፣ በእጁ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይዞ፣ ቀስ ብሎ አስረዳት። «እናቴ፣ ስሚኝ። ንብረት ክፍል ዕቃዬ ነው፣ ሐኪሙም አዲስ አበባ ተዘጋጅቷል፣ ዛሬውኑ ላኩልኝ ይላል። ሰው ሀብት ደግሞ ሠራተኛዬ ናት ይላል። ሠራተኛ ከሆንሽ የተጣራ ጨረርሽ ዜሮ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ነው የወረድሽው። በሚቀጥለው መንኮራኩር ትመለሻለሽ። ሁለቱ ሊስማሙ አልቻሉም። በመጨረሻ፣ ከራሷ ይጠየቅ ተብሏል።»

«ምን ብዬ ልመልስ?»

«ሰው ነሽ ወይስ ዕቃ። በራስሽ ቃል መቅዳት አለብኝ። እኔ ምንም ልልሽ አልችልም።» መቅጃውን ወደ አፏ አስጠጋ።

የሻረግ ወደ አጥሩ አየች። ቢጫው ነገር ሽቦው ላይ ተለጥፏል። ክረምቱ ሊገባ ነው። አንገቷን ደፋች፤ ልጇ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ዕቃ ነኝ።»

ሮብሌ መቅጃውን አየው። መብራቱ አልበራም። አንዴ ሞከረው፤ ደግሞ ሞከረው። ቀና ሲል ዓይኑ ዕንባ አቅሯል።

«እናቴ፣ መቅጃው አልያዘውም» አላት። «ጮክ ብለሽ በይው።»

እሷም ጮክ ብላ አለችው። አጥሩ ጋ ወዲያ ወዲህ ይል የነበረው የልጇ እጅ ባለበት ቆመ።